ግድግዳው የቆጠረልኝ ቁጥር

እኔ ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ፣ ያለምክንያት የሚጮህ ነገር ሁሉ ሽቦው የላላ ነው ብዬ የማምን ሰው፣ ናዝሬት ውስጥ አንዱ መጥቶ «ቤቴ ድምፅ ይሰማል» ሲለኝ «አይጥ ነው፣ ድመት ፈልግ» ብዬ የምሸኝ፣ እናቴ ስለ ቀትር ጋኔን ስታወራ ከት ብዬ የምስቅ። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ «ይሄ ሰውዬ ድሮም ይቃዣል» እንዳትሉኝ። ሌሊት ቢሆን ኖሮ እኔም ራሴን አላምነውም ነበር፣ ግን የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው።

በደርግ መጨረሻ ግድም ነው። አያንቱን እወዳት ነበር፣ ዛሬም እወዳታለሁ፣ ይኸው አሁን እንኳ ከጓዳ ሆና «አታካብድ!» እያለችኝ ነው። አባቷ ጋሽ ለሜሳ የአንድ እርሻ ፕሮጀክት ቢሮ ኃላፊ ነበሩ፣ ሽማግሌ ብልክባቸው «ሽቦ ለሚልስ ልጅ ልጄን አልሰጥም» ብለው መለሱብኝ። እግዜር ሲሰጥ ግን ያኔውኑ የቢሯቸው ላፕቶፕ አልነሳም አለ። ላፕቶፕ ስላችሁ የዛሬ ልጆች አዝለውት የሚዞሩትን እንዳታስቡ፣ የልብስ ስፌት መኪና የሚያክል፣ በብርቱካንማ ፊደል የሚጽፍ፣ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ትቶላቸው የሄደ አሮጌ ዕቃ ነው። የዓመቱ ሥራ በሙሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ከአዲስ አበባ አለቆች ይመጣሉ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ዕቃ እጅህ ላይ ከተበላሸ «አሻጥር» ነው የሚባለው፣ የአሻጥርን መጨረሻ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል።

እሑድ ጠዋት ራሳቸው ሱቄ ድረስ መጡ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ? እንዴት አደርክ?» አሉኝ። ልጄ! ልቤ ልትወጣ ደረሰች። «ካስነሳኸው ሽማግሌዎችህ ይምጡ። ካላስነሳኸው ግን በደጄ እንዳትታይ። ብቻ ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዳይሆን!»

ቢሮውን ከፍተውልኝ እሳቸው በረንዳው ላይ ወንበር ስበው አንቀላፉ። እኔ ማሽኑን ፈታሁት። በሽታው ቀላል ነው፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታለች፣ እሷ ስትሞት ማሽኑ ራሱን ይረሳል፣ ዲስክ እንዳለው እንኳ አያውቅም። ሌላ ባትሪ ከየት ይምጣ፣ የእጅ ባትሪ ድንጋዮች በሽቦ አስሬ ተካሁለት። የቀረው ዛሬ ልጆቹ ባዮስ የሚሉት ጓዳው ውስጥ ገብቶ ሁሉንም እንደ አዲስ መንገር ነው። አገባቡን ባለሙያው ሊሄድ ሲል ለጋሽ ለሜሳ አሳይቷቸዋል፣ ማሽኑ ሲነሳ «ጢጥ» ይላል፣ ያኔ ኮንትሮል፣ አልት እና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ መጫን። ከቀደምክ አይሰማህም፣ ከዘገየህ አልፎሃል። ቀደምኩ፣ ዘገየሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ላቤ ጠብ ጠብ ይላል፣ የናዝሬት ቀትር እኮ ነው።

አንዴ ሳበራው ግድግዳው «ኳ» አለ፣ ሰው በር እንደሚያንኳኳው። ወዲያው ማሽኑ «ጢጥ»። ቆርቆሮው ሙቀት አግኝቶት ነው አልኩ። ደግሜ አበራሁ፣ «ኳ»፣ ከዚያ «ጢጥ»። በሦስተኛው፣ እመኑኝ እየሳቅኩ ነው፣ ልክ «ኳ» ሲል ጣቶቼን አዘጋጅቼ ጫንኩ፣ ገባሁ!

ቀኑን ሞላሁ፣ ሰዓቱን ሞላሁ፣ ከዚያ የዲስኩን ዓይነት በቁጥር ንገረኝ አለ። ቁጥሩን የሚያውቀው ባለሙያው ነው፣ እሱ ደግሞ ባሕር ተሻግሯል። በግምት ልሙላ ብል ያለውን ሁሉ ሊያጠፋብኝ ይችላል፣ ከዚያማ አያንቱ ደህና ሁኚ! ራሴን ይዤ በተቀመጥኩበት ግድግዳው ጀመረ። ኳ። ኳ። ኳ። ቀስ እያለ፣ ለደነዝ ተማሪ እንደሚቆጥር ትዕግሥተኛ አስተማሪ። የእጆቼ ጣቶች አልቀው እንደገና ከአውራ ጣቴ ጀመርኩ። ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ያህል ደገመው። ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ሎተሪ ልትቆርጡበት ነው።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ወጥቼ ባይ ጋሽ ለሜሳ ያንኮራፋሉ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው መጋዘን ነው፣ ቁልፉ ከቢሮው ቁልፍ ጋር አንድ ማሰሪያ ላይ ስለነበር ከፈትኩት። የማዳበሪያ ጆንያ ግድግዳውን ተደግፎ እስከ ጣራ ተደርድሯል፣ ድመት እንኳ አያሳልፍም። በስመ አብ ብዬ ተመለስኩ። እናንተዬ፣ ምን ላድርግ? ጋኔንም ይሁን መልአክ አያንቱን የሚሰጠኝ እሱ ብቻ ነው! ቁጥሩን ሞላሁት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩ። ዲስኩ «ትርርር» አለ፣ የዓመቱ ሥራ አንድ ሳይጎድል ተዘረገፈ!

እልል አልኩ፣ ወንድ ልጅ እልል ይላል እንዳትሉኝ። ጋሽ ለሜሳ ደንግጠው ገቡ፣ ስክሪኑን አዩ፣ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። «ጀባዱ፣ ልጄ! በርታልኝ!»

ዝም ማለት አልሆነልኝም። «አይቆጡኝና ጋሽ ለሜሳ፣ ቁጥሩን የነገረኝ ግድግዳው ነው» አልኳቸው።

ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ ቁጭ አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ለእኔም ያንኳኳል» አሉ፣ «በቀትር በቀትር። መቁጠር ግን ትዝም ብሎኝ አያውቅ፣ ወጥቼ መሸሽ ነው።» ከዚያ ተያይተን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ እሳቸው ግን እየሳቁም ግድግዳውን በጎሪጥ ያዩታል።

ሽማግሌዎቼ ገቡ። በሰርጋችን ቀን ከደራ የመጡት አጎቶቿ ድንኳኑን በጭፈራ ሊያፈርሱት ነበር፣ ከሁሉ የባሱት ጋሽ ለሜሳ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ላፕቶፑ የት እንደደረሰ አላውቅም፣ ቢሮውም ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል።

ታዲያ ባለፈው እሑድ፣ ምሳ በልተን ጋደም እንዳልን፣ የገዛ መኝታ ቤታችን ግድግዳ ጀመረ። ኳ። ኳ። ኳ። ያው ትዕግሥት፣ ያው እጅ። አያንቱ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ይዛ «ቁጠር እንጂ!» አለችኝ።

ቆጠርኩ። የድሮው ቁጥር አይደለም፣ ሌላ ነው። በየቀትሩ ይደግመዋል፣ አይሳሳትም። የት እንደምሞላው ግን አላውቅም።