እንዳይተነፈስበት የተባለው ያቁት

ይህን ቻናል ሁለት ዓመት ሙሉ አንብቤአለሁ። ግማሹን ታሪክ "ፈጠራ ነው" እያልኩ ስቄበታለሁ።

ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ... ብትስቁብኝ አልቀየማችሁም። ግን የምጽፈው ሁሉ ሆኗል። በእኔ ቤት፣ በእኔ ጥፋት።

ራሕመት እባላለሁ። የምኖረው ቦንጋ ነው። ከባሌ ከጃፈር ጋር ገበያው አጠገብ ትንሽ የወርቅና የብር ቤት አለችን። እሱ ይሠራል፣ እኔ እመዝናለሁ። "ሚዛኔ" ብሎ የሚጠራኝም ለዚህ ነው። ሀኒያ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለችን።

ጊዜው ነሐሴ ነው። ሐሙስ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል።

ጃፈር ለዙህር ሶላት መስጊድ ሄዷል። ውጭው ጉምና ካፊያ ነው። ከመንገዱ ማዶ የቆመችው ባጃጅ እንኳ ግማሿ ብቻ ነው የሚታየኝ።

አንዲት እናት ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡ። እትዬ ፀዳለ ይባላሉ። ከማንኪራ ገጠር ነው የመጡት። በእግራቸው፣ በዚያ ጭቃ።

ከመቀነታቸው ጫፍ አንድ ነገር ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

የንብ ሰም ነበር። እንቁላል የሚያህል ድቡልቡል ሰም።

"ውስጡ ድንጋይ አለ" አሉኝ። "ብር አልብሱልኝ። ዙሪያውን። ቀዳዳ እንዳይኖረው።"

"ፈርጥ እኮ የሚሠራው እንዲታይ ነው፣ እትዬ።"

"አይታይ። ሰም ይቀልጣል። እኔም አርጅቻለሁ... ሳልሞት ይዘጋ።"

ሊወጡ ሲሉ ተመለሱ። እጄን ያዙኝ።

"ሰሙን ስትልጡት አፋችሁን በጨርቅ እሰሩ። እንዳትተነፍሱበት። ለባልሽ ንገሪው፣ የሚሠራው እሱ ነው።"

"እነግረዋለሁ" አልኩ።

አልነገርኩትም።

ለምን እንዳልነገርኩት ልናዘዝ። እትዬ ከወጡ በኋላ ሰሙን በጥፍሬ ላጥኩት... በስተውስጥ ቀይ ነገር አየሁ። እንዲህ ያለ ቀይ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። እንደ በሰለ የቡና ፍሬ የቀላ፣ ግን ውስጡ ብርሃን ያለው።

ያቁት!

ፈረንጆች ሩቢ ይሉታል። ጃፈር ከአባቱ ከአብዱልሰመድ የሰማውን ሁሉ ሲያወራልኝ ኖሯል። ጥሩው ከበርማ ይመጣ እንደነበር፣ አሁን ደግሞ ከሞዛምቢክ እንደሚወጣ፣ ከአልማዝ በቀር እምብዛም የሚቧጭረው እንደሌለ። የጥንት ሰዎች ያቁት ያደረገ ሰው ደሙ አይፈስም ይሉ ነበር አሉ። ባለቤቱን ክፉ ነገር ሊያገኘው ሲል ደግሞ ይጠቁራል ይላሉ። የጥራጥሬ ፍሬ የምታህል ጥሩ ያቁት መኪና ትገዛለች።

በካፋ ያቁት ወጣ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ሰይጣን ጆሮዬ ላይ ተቀመጠ። ድንጋዩ በብር ተሸፍኖ ማን ያየዋል? ቀይ ብርጭቆ ብናስገባበትስ? ከኪራይ ቤት እንወጣለን። ሀኒያ ጥሩ ትምህርት ቤት ትገባለች። ብቻ እውነተኛ መሆኑን ማወቅ አለብኝ...

እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ በትንፋሽ ነው።

የእኛ ሙያ ሰው ፈርጥ ሲያገኝ መጀመሪያ ይተነፍስበታል። "ሃህ" ይልበታል። ብርጭቆ ከሆነ ጉሙ ይቆያል። እውነተኛ ድንጋይ ከሆነ ዓይን ሳይርገበገብ ይጠፋል። ጃፈር ይህን በቀን ስንቴ እንደሚያደርገው አላህ ይወቀው። "ሃህ"፣ በእጅጌው ጠረግ፣ እንደገና "ሃህ"። ሀኒያ ሳትቀር የካፖርቷን ቁልፍ እየያዘች "ሃህ" ስትል ትውላለች። እኛም ያባቷ ልጅ እያልን እንስቅባታለን።

ጃፈር ከሶላት ተመለሰ። ድንጋዩን በወረንጦ አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዘው። ከንፈሩን አስነካው።

"አይቀዘቅዝም" አለ ቀስ ብሎ። "ያቁት ከንፈር ላይ ይቀዘቅዛል። ይሄ ግን ይሞቃል፣ ሚዛኔ... እንደ ሰው እጅ።"

"ብርጭቆ ይሆናላ!"

"ብርጭቆ እንዲህ አይቀላም።"

"እስቲ ተንፍስበት" አልኩት።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላለውም። እኔ ነኝ።

"ሃህ..."

ድንጋዩ ጉም ለበሰ።

እንዲጠፋ ጠበቅሁ። አልጠፋም። ጃፈር በእጅጌው ጠረገው። አሁንም አልጠፋም።

ጠጋ ብዬ አየሁት...

ጉሙ ያለው ከውስጥ ነው።

ወረንጦው ከጃፈር እጅ ወደቀ። ጃፈር እጆቹን ዘርግቶ ፊትና ጀርባቸውን እያገላበጠ አየ። ግድግዳውን አየ። ሚዛኑን አየ። እኔን አየኝ።

"ጃፈር? አመመህ እንዴ?"



"ውሃ..." አለ በመጨረሻ። "ውሃ ስጪኝ፣ ልጄ።"

ከተጋባን አስር ዓመታችን ነው። አንድም ቀን "ልጄ" ብሎኝ አያውቅም። እኔ ሞኟ ሳቅሁ። እየቀለደ መስሎኝ።

በማግሥቱ ጁምዓ ነው። መስጊድ አልሄደም። ሥራ ቦታው ላይ ተቀምጦ የጋዙን እሳት እንዴት እንደሚለኩስ ጠፋው። የብር ሽቦ አንስቶ ግን እንደ ገመድ ይገምድ ጀመር። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ቀፎ ዛፍ ላይ የሚሰቅሉበት ዓይነት ገመድ።

አንዲት ንብ በመስኮት ገብታ ከንፈሩ ላይ አረፈች። አላባረራትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን በራፉ ላይ ቆመናል። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሀኒያ ቀሚሴን ጎተተች።

"እማ..." አለችኝ በሹክሹክታ። "አባባ ጭስ የለውም።"

"የምን ጭስ?"

"ያፍ ጭስ።"

እውነቷን ነው። ከእኔ አፍ እንፋሎት ይወጣል። ከእሷም ይወጣል። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ አፉ ያጨሳል።

ከጃፈር አፍ ምንም አይወጣም።

ልጄን ወደ እኔ ሳብኳት።

እትዬ ፀዳለ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ገና "እንደምን አደራችሁ" ሳይሉ ጃፈር ተናገራቸው። በካፊኖኖ፣ በካፋ ሰው ቋንቋ።

ባሌ የደሴ ልጅ ነው። ካፊኖኖ የሚያውቀው "ስንት ነው" እና "ቀንሱ" ለማለት ያህል ብቻ ነው። አሁን ግን እንደ ተወለደበት ሰው ያወራል። ድምፁ የጃፈር፣ አነጋገሩ የሌላ ሰው፣ የሽማግሌ።

የእትዬ ጃንጥላ መሬት ወደቀ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ነገርሽው?" አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ።

"ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ልጄ... ነግሬሽ ነበር።"

ከዚያ እያለቀሱ አጫወቱኝ። ባላቸው ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ማር ቆራጭ ነበሩ። ከሰባት ዓመት በፊት ዛፍ ላይ አንድ አሮጌ ቀፎ አገኙ። ማን እንደሰቀለው አይታወቅም። ንብ የለውም፣ ማር የለውም። ሰሙ ውስጥ ግን ቀይ ድንጋይ ነበር። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ እዚያው ዛፉ ላይ ሆነው አቧራውን ሊያራግፉ ተነፈሱበት።

"ከዛፉ የወረደው ሰው እሱ አልነበረም" አሉ እትዬ። "ቋንቋችንን አያውቅም። የማንንም ቋንቋ አያውቅም። ሦስት ወር ኖረና ሞተ። የባሌን ገላ ቀበርኩ። ባሌ ግን ድንጋዩ ውስጥ ይተነፍሳል። የተነፈሰበት ይገባል፣ ውስጥ ያለው ይወጣል። በሌላ ሰው ገላ ላወጣው እችል ነበር... ግን የማንን ልጅ ልስጥ? በሰም ደፈንኩት።"

ጃፈር... ማለቴ የጃፈር ፊት... አጠገባችን ቆሞ ይሰማል።

እጄን ዘረጋሁ። የባሌን ፊት እያየሁ "እርስዎ" አልኩት።

"እባክዎ፣ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ። መልሰው ይተንፍሱበት። ባሌን ይመልሱልኝ።"

አፉን በሁለት እጁ ከደነ። ወደ ኋላ ሸሸ።

"እዚያ አልመለስም። ብቻዬን አልነበርኩም እዚያ... ይገፋፋሉ። ሁሉም በሩ ጋ ናቸው።"

ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን በተሻለኝ፣ ቢያንስ እረግመው ነበር። አንገቱን ደፍቶ "ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አለኝና የማንኪራን መንገድ ያዘ። እትዬ እየተደናቀፉ ተከተሉት።

ለሰው "ጃፈር አዲስ አበባ ሥራ አግኝቷል" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠር ሆነ ሥራዬ። ሦስት ወር። የእትዬ ባል ገላ የቆየው ያን ያህል ነው። ድንጋዩን ከሚዛኔ አጠገብ በወረቀት ሳጥን አስቀምጬ አፌን በሻሽ አስሬ አየዋለሁ። ጉሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። ረጅም፣ ዝግ ያለ ትንፋሽ። የባሌን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፣ አስር ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተኝቻለሁ።

ማንኪራ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሦስት ጊዜም እምቢ አለኝ።

በስልሳ ስምንተኛው ቀን እትዬ ስልክ አስደወሉ። "ነይ፣ እሺ ብሏል። ድንጋዩን ይዘሽ ነይ።"

ሀኒያን የምተውበት ሰው አልነበረኝም። ይዣት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ እየዘለለች ነበር። "አባባን ልናመጣው ነው፣ አይደል?" ትለኛለች። "አዎ" እላታለሁ። ደስታዬ ልቤን ሊያፈነዳው ምንም አልቀረውም።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ደረስን። ፀሐይ ወጥታለች። ግቢው በቡና ዛፍ ተከቧል። እሱ ደጃፉ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ጉንጩ ገብቷል። ያ የጃፈር ገላ ነው እንዲህ የሆነው... አለቀስኩ።

"ይሄ ገላ እያለቀ ነው" አለኝ። "የሰው ነው። ለባለቤቱ ልመልስ። ማን እንደሚወጣ ግን አላውቅም፣ ልጄ። በሩ ጋ የቀደመ ነው የሚወጣ።"

"ጃፈር ይቀድማል" አልኩ። "እኔ እዚህ እያለሁ ማንንም አያስቀድምም።"

ፈገግ አለ። "እንግዲያው አምጪው።"

ሳጥኑን ከፍቼ ድንጋዩን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩ። ጉሙ እየመጣ እየሄደ ነው። እትዬ ፀዳለ ባላቸውን መሰናበት ፈለጉ። ሁለተኛ ጊዜ ነው የሚሰናበቱት። እንዳላያቸው ፊቴን ወደ ቡናው አዞርኩ።

ጥቂት ቆይቶ...

"ሃህ።"

ትንሽ ድምፅ ነው። ቀጭን።

ዞርኩ።

ሀኒያ ድንጋዩን ይዛ ቆማለች። በሁለት ጣቷ፣ ልክ እንደ አባቷ አያያዝ። በሹራቧ እጅጌ ጠረግ ልታደርገው እጇን አንስታ ነበር... እጇ አየር ላይ ቀርቷል።

"ሀኒያ?"

ለእሷም አልነገርኳትም ነበር። ልጅ ናት፣ ትፈራለች ብዬ።

እጆቿን ዘርግታ ፊትና ጀርባቸውን እያገላበጠች አየች።

"ጃፈር... አንተ ነህ?" አልኩ። "ሚዛኔ በለኝ። አንዴ ብቻ ሚዛኔ በለኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ተናገረች። ብዙ ተናገረች፣ ቶሎ ቶሎ።

አማርኛ አይደለም። ካፊኖኖ አይደለም። እትዬ ፀዳለ ጆሯቸውን ደፈኑ። ከሰባት ዓመት በፊት ከዛፉ ከወረደው ሰው አፍ ሰምተውታል።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ከዚያ ወዲህ ሊተነፍሱበት ደፍረው አያውቁም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። አሁን ማን እንደሚወጣ፣ በማን ገላ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም።

ይህ ከሆነ ዛሬ አስራ አንድ ቀን ነው። ይህን የምጽፍላችሁ ከሱቄ ሆኜ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ብርድ ነው፣ ውጭው ጉም ነው።

ልጄ ከኋላዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። አፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ትተነፍሳለች። ደጋግማ ትተነፍሳለች።

መስታወቱ ላይ ምንም የለም። ጥርት ያለ ነው።

ድንጋዩ ሚዛኑ ላይ ነው። አፌን አስሬ እያየሁት ነው።

ጉሙ ይመጣል... ይሄዳል።

አንድ ረጅም ትንፋሽ።

ከአጠገቡ አንድ አጭር።