ያልተሳሳመ ሣር

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሰማዩ ያለ አንድ ደመና ጠርቶ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።

ዝናብ ከጣለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ የጓሮው የድንጋይ ደረጃ ግን ረጥቧል። የውሃው ጎማ ደረጃው አናት ላይ ተጋድሟል። ቧንቧው ክፍት ነው፤ ውሃ ግን የለም። የሰፈሩ ውሃ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይቋረጣል። ከደረጃው ግርጌ ጡረተኛው ርዕሰ መምህር በጀርባቸው ወድቀዋል። የጫማቸው ክር እንደታሰረ ነው። የራስ ቅላቸው የመጨረሻውን ደረጃ ጠርዝ አግኝቶታል።

መርማሪው ጎንበስ ብሎ እጁን ከሟቹ ጀርባ ሥር ሰደደ። አውጥቶ መዳፉን አየ። የተጣበቀበት አፈር ደረቅ ዱቄት ነበር።

የጣቢያው ሰዎች «ወንፊት» ይሉታል። ብዙ ስለሚያይ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ስለሚነቀንቅ ነው።

«ትናንት ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ወዲያው ግን አልሞቱም። ግማሽ ሰዓት ያህል ተንፍሰዋል።»

ከውጭው በር አጠገብ፣ ከሳጅኑ ጎን፣ የግቢ ውበት ባለሙያዋ ቆማለች። ርዕሰ መምህሩ የቀጠሯት ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትመጣ የቤቱ ሰዎች በሩ ላይ «ገዳይ» ብለው ተቀበሏት፤ ከዚያ ወዲያ እግሯ ግቢውን አልረገጠም።

«የአዛዡ ትእዛዝ ነው» አለ ሳጅኑ። «እስከ ስድስት ሰዓት ሌላ ነገር ካልተገኘ ወደ ማረፊያ ቤት ትገባለች።»

መርማሪው ሰዓቱን አይቶ ወደ ሟቹ እህት ክፍል ገባ። አሮጊቷ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደርቋል።

«ባለሙያ!» አሉ ሳይጠየቁ። «ሠላሳ ዓመት በእጄ ያሳደግሁትን ጽጌረዳ ነቅላ ‹ሥሩ ውሃ አቁሯል› የምትል ባለሙያ። ወንድሜን በስተርጅና ሣር አማረው፤ ይኸው ሣሩ በላው።»

«እትዬ፣ ትናንት ማታ ምን ሰሙ?»

«ለዚያ ለሳጅንህ ነግሬዋለሁ።»

«እኔ ጆሮዬ ከባድ ነው፤ ይድገሙልኝ።»

«የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ዜና ሲጀምር ወንድሜ ጓሮ ሆኖ ጮኸ። ‹ይሄ ውሃ ልክ አይደለም› አለ። ሁለት ጊዜ። ያቺ ሣር ሻጭ ውሃውን ለቃበታለች አልኩና ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት።»

«ወጥተው አላዩም?»

«ለሣር ጠብ ልውጣ? ከቀጠራት ወዲህ ተኮራርፈናል። እሱ በራሱ በር ይገባል፤ እኔ በራሴ በር።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ጠዋት ሻይ ሊጠይቀኝ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ቀረ። ስወጣ ነው ያየሁት።»

ጎረቤቱን፣ ጡረተኛውን ሻምበል፣ መርማሪው በአጥራቸው ላይ አንገታቸውን አስግገው አገኛቸው። ማንም ሳይጋብዛቸው የምርመራው ተካፋይ ሆነዋል።

«ያንን የተቀደደ ጭስ ማውጫ ያለው መኪናዋን በሬ ላይ ነው የምታቆመው» አሉ። «አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ። የመኪናዋን ድምፅ ከልጆቼ ድምፅ ይልቅ አውቀዋለሁ።»

«ትናንት ስትሄድ አዩዋት?»

«ማየት ብቻ? ስሟን እስክትረሳ ሰደብኳት። ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። እኔ በሰዓቴ ነው የምሳደበው።»

«ተመልሳስ መጥታ ነበር?»

«ያ መኪና ቢመለስ ዝም የምላት ይመስልሃል?»

«እንግዲህ ጋሼ ሻምበል፣ መሰከሩላት ማለት ነው።»

የሻምበሉ ፊት ጠቆረ። «ለማንም አልመሰከርኩም። ተሳደብኩ እንጂ።»

ባለሙያዋ ጥያቄውን የተቀበለችው እጇን አጣምራ ነው።

«ከፈረዳችሁብኝ በኋላ ነው የምትጠይቁኝ?»

«እኔ ገና አልፈረድኩም። ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ባለሙያ ከአበባ አይጀምርም» አለች። «መጀመሪያ ውሃው የት እንደሚሄድ ይጠይቃል። የዚህ ግቢ ውሃ በሙሉ አፈሩን ከሚደግፈው ግንብ ጀርባ ይጠራቀማል። ሣሩን ካነጠፍኩ በኋላ የግንቡ አናት ወደ ግራ መስመጡን አየሁ። ከግርጌው ሣር አንስቼ ቆፈርኩ። መሠረቱ ውስጥ ፌሮ ብረት የለም። አንድ ዘንግ እንኳ።»

«ለርዕሰ መምህሩ አሳየሻቸው?»

«አሳየኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ‹ጉድጓዱን ክፍት ተይው፣ ውሃ ልክሽንም ተይልኝ፤ ማታ አንድ ሰው መጥቶ ያየዋል› አሉኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ትቼላቸው ሄድኩ።»

«ጉድጓዱ የት ጋ ነው?»

«ከደረጃው በስተግራ፣ ግንቡ ሥር።»

መርማሪው ወደ ጓሮው ተመልሶ ተመለከተ። ከደረጃው በስተግራ፣ ግንቡ ሥር፣ ሣር ብቻ ነበር።

ሄዶ ተንበረከከ። ጥቅል ሣሩ በየረድፉ እንደ ጡብ ተፈራርቆ ተነጥፏል፤ የአንዱ መጋጠሚያ በሌላው ወገብ ላይ ያርፋል። ግንቡ ሥር ያሉት ሦስቱም ተፈራርቀዋል። ነገር ግን በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ክፍተቱ በአፈር ተሞልቶ፣ አፈሩ በአውራ ጣት ተዳምጧል፤ ከዳር እስከ ዳር፣ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር። መርማሪው ጣቱን አስገብቶ ለካው።

አማችየው ሳሎን ውስጥ ከሚስቱ፣ ከሟቹ ልጅ፣ አጠገብ ተቀምጧል። ከግንበኝነት ተነስቶ ሥራ ተቋራጭ የሆነ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰው ነው።

«ነግሬያቸው ነበር» አለ። «‹እኔ እያለሁ ባለሙያ ምን ያደርግልዎታል? ድንጋዩንም አፈሩንም እኔ አውቀዋለሁ› አልኳቸው። አልሰሙኝም።»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ሳይት ላይ። እስከ አንድ ሰዓት ተኩል።»

«እትዬ አንድ ነገር ሰምተዋል። ርዕሰ መምህሩ ‹ይሄ ውሃ ልክ አይደለም› ብለው ሲጮኹ። ምን ማለታቸው ነው?»

«ግልጽ አይደል እንዴ? ጎማውን ለቃ ሄደች፤ ደረጃው ረጠበ፤ ሽማግሌው ተናደዱ፤ ተንሸራተቱ። ውሃ ውሃ ነው፤ ሌላ ምን ትርጉም አለው?»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እጇን ማየት ጀመረች።

አምስት ሰዓት ሲሆን መርማሪው ሁሉንም ጓሮ ሰበሰባቸው። ሬሳው ተነስቷል። ሻምበሉ ተጠርተው በበር ገብተዋል፤ ባለሙያዋም ከሳጅኑ ጋር። አሮጊቷ ሲያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ።

«ወንድሜን ሳልቀብር ደግሞ ሣር ልታስተክለኝ ነው?» አሉ፣ መርማሪው የተረፈውን ጥቅል ሣር ሲያስቀርብ።

«ተከላ አይደለም እትዬ። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ጥቅል ያንጥፍልኝ። ከዚያ ሁላችንም እንሄዳለን።»

አሮጊቷ በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው አንዱን በአንዱ ላይ ደረቡት። ሻምበሉ ሁለቱን አጣመው ጣሉና «ጦር ሜዳ ላይ የተኛሁበት ሣር ማንም አላነጠፈውም» አሉ። አማችየው ቁና ቁና እየተነፈሰ ተንበረከከ። አንዱን ዘረጋ፤ ሁለተኛውን ጣት ያህል አራርቆ አስቀመጠ፤ ከዚያም በአውራ ጣቱ አፈር እየቆነጠረ ክፍተቱን ሞላ፣ ዳመጠው። እጁ ከራሱ ይፈጥን ነበር።

«አሁን አንቺ» አለ መርማሪው።

ባለሙያዋ ሁለቱን ጥቅሎች ዘረጋች፤ ጠርዝ ለጠርዝ አገናኝታ በጉልበቷ ገፋቻቸው። መጋጠሚያው ጠፋ።

«ለምን ቦታ አትተዪም?»

«ሣር ካልተሳሳመ ዳሩ ይደርቃል። በማግሥቱ ቢጫ ይሆናል። የሚራራቀው ጡብ ነው፤ ሲሚንቶ ስለሚገባበት።»

መርማሪው ወደ ግንቡ ሥር ሄዶ ቆመ። ሦስቱ ሣሮች በክፍተታቸው ዳርና ዳር ክር የመሰለ ቢጫ አውጥተዋል።

«እነዚህን ያነጠፈ ሰው ባለሙያዋን መስሎ ለመሥራት ሞክሯል» አለ። «ማፈራረቁን አልሳተም። ክፍተቱን ግን እጁ አመጣበት። ይህ የግንበኛ እጅ ነው።»

«በዚህ አገር ግንበኛ እኔ ብቻ ነኝ?» አለ አማችየው።

«አይደሉም። ስለዚህ ወደ ጩኸቱ እንሂድ። ባለሙያዋ በአሥራ አንድ ሰዓት ሄዳለች፤ ጋሼ ሻምበል ሰድበው ሸኝተዋታል። ርዕሰ መምህሩ የጮኹት በአሥራ ሁለት ነው። ስለዚህ የጮኹት በሌላ ሰው ላይ ነው። ጎማው የተከፈተው ደግሞ ከወደቁ በኋላ ነው፤ ከጀርባቸው ሥር ያለው አፈር ደረቅ ነበር። ሲጮኹ በግቢው ውስጥ የሚፈስ ውሃ አልነበረም።»

«እኔ በጆሮዬ የሰማሁትን?» አሉ አሮጊቷ።

«በትክክል ሰምተዋል እትዬ። የሳቱት ትንፋሹን ነው። ‹ይሄ ውሃ› ብለው አላረፉም። ‹ይሄ› ብለው ነው ያረፉት። ‹ይሄ፤ ውሃ ልክ አይደለም።› የግንብ መጣመም የሚለካበትን የባለሙያዋን ውሃ ልክ ግንቡ አናት ላይ አስቀምጠው፣ ግንቡ ቀጥ አይደለም ማለታቸው ነበር።»

አሮጊቷ ቃሉን ለራሳቸው ደገሙት።

«እትዬ ባይገባቸው አይገርምም፤ ሥራቸው አይደለም» አለ መርማሪው። «ሃያ ዓመት ውሃ ልክ በብብቱ ይዞ የኖረ ሰው ግን፣ ጠማማ ግንብ ያለበት ግቢ ውስጥ ሆኖ ቃሉን ሲሰማ፣ ‹ውሃ ውሃ ነው› አለኝ። ማወቅ የነበረበት እሱ ብቻ ነበር፤ አላውቅም ያለውም እሱ ብቻ ነው። ይህን ግንብ ማን ሠራው?»

«እሱ ነዋ» አሉ አሮጊቷ በቀስታ። «በሠርጋቸው ዓመት። የትምህርት ቤቱንም አጥር በዚያው ዓመት ሠራ። ወንድሜ ነው ሥራውን ያሰጠው።»

ሳጅኑ በመርማሪው ምልክት ሦስቱን ሣሮች አንስቶ በአካፋ ቆፈረ። ሁለት ክንድ ሳይሞላ ብረት ነካ። ቢጫ ውሃ ልክ ነበር፤ ብርጭቆው ተሰንጥቋል።

«የኔ ነው» አለች ባለሙያዋ።

«ልጽፍ ነው አሉኝ» አለ አማችየው መሬት መሬት እያየ። «‹ነገ ጠዋት ስለ አጥሩ ለትምህርት ቤቱ እጽፋለሁ፤ ያስቀጠርኩህ እኔ ነኝና በራሴም ላይ እጽፋለሁ› አሉ። ደረታቸውን ገፋሁ። እንዲህ ይወድቃሉ አላልኩም።»

«ከዚያ ጉድጓዱን ደፈኑ፤ ሣር አነጠፉ፤ ጎማ ከፈቱ» አለ መርማሪው።

ሚስቱ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ተነሳች። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም ነበር።

«ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ተንፍሷል ብሏል» አለች። «አባቴ ሲተነፍስ ሰማኸው?»

ባሏ ወደ ጎማው አየ።

«ውሃው ይጮህ ነበር» አለ።

እሷ ጀርባዋን ሰጠችው። ሳጅኑ አማችየውን ይዞ ሲያልፍ ሻምበሉ መንገድ ለቀቁ፤ አልተሳደቡም። አሮጊቷ ባለሙያዋን ከእግር እስከ ራስ አዩዋት።

«ጽጌረዳዬን ግን በከንቱ ነው የነቀልሽው» አሏት።

«ሥሩ በስብሶ ነበር፣ እትዬ።»

«እኔ እትዬሽ አይደለሁም።»

ባለሙያዋ መሣሪያዎቿን ለመሰብሰብ ሄደች። መርማሪው ቤት ውስጥ ገብቶ ለትምህርት ቤቱ ስልክ ደወለና አጥሩ የት የት እንደሚያልፍ ጠየቀ። ተማሪዎች በሚወጡበት በትልቁ በር አጠገብ እንደሚያልፍ ነገሩት።

ያን ቀን ተማሪዎቹ በኋለኛው በር ወጡ።