ሩዝ ውስጥ የሚያድረው ማይክ

ኤልሮኢ የሞተው ድምፅ በማይወጣበት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉን እንደዚያ ያደረገው ደግሞ ራሱ ነበር። ከዲላ ቡና መጋዘኖች የለመነውን ጆንያ ግድግዳው ላይ ቸነከረ፤ በጆንያው ላይ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ለጠፈ፤ በሩን በብርድ ልብስ ደረበ። ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድ፣ ሄድፎን፣ አንድ ማይክ ከነስታንዱ፤ ስቱዲዮው ይኸው ነው። ለሌላው ሰው የአከራዩ የእትዬ ሙሉዓለም ሰርቪስ ቤት ነው፣ ለእሱ ግን ዓለሙ ነበር። ምን ዋጋ አለው! የጎረቤት ጫጫታ እንዳይገባ ብሎ የደፈነው ግድግዳ የእሱንም ጩኸት አላስወጣ አለ።

ኢንስፔክተር ቆንጅት በጠዋት ስትደርስ ግቢው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ማታ ሲወርድ ያመሸው ዝናብ ቢያቆምም ሰማዩ እንደጠቆረ ነው። ሬሳው ከብረት ጠረጴዛው ጥግ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል፤ ከጭንቅላቱ በታች ምንጣፉ በደም ርሷል። ቀኝ እጁ ማይኩን ጨብጧል። የማይኩ ገመድ መዳፉን አንድ ዙር ተጠምጥሞ ወደ ሳውንድ ካርዱ ይሄዳል። መሃል ላይ ላስቲኩ ተልጦ ሽቦው ይታያል።

«መብራት ነው የያዘው» አለ ሳጅን ባንተአምላክ። «እየዘፈነ ሳለ ያዘው፣ ወረወረው፣ ጭንቅላቱ ብረቱን መታ። መስመሩን የዘረጋው ፈድሉ የሚባል ጓደኛው ነው። ጣቢያ አስገብቼዋለሁ፤ ነገ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

ቆንጅት ግን አንድ ነገር አልጣማትም። ባንተአምላክም ጠባይዋን ስለሚያውቅ ቆቡን ማስተካከል ጀመረ። እሷ ተንበርክካ ከምንጣፉ ላይ አንድ ነጭ ነገር አነሳችና በጣቶቿ አሸችው። ጥሬ ሩዝ ነው። ሌላም አለ፤ ከጠረጴዛው እግር እስከ ሟቹ እጅ ጠብ ጠብ ብሏል።

«እዚህ ቤት ምግብ ይበስላል?»

«ኧረ ምድጃም የለ።»

እትዬ ሙሉዓለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ሬሳውን ያገኙት እሳቸው ናቸው።

«ቁርስ ልጠራው ሄጄ… ምነው ያን ጊዜ እግሬን በሰበረው!»

«ማታ በመጨረሻ መቼ አዩት?»

«ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው ልጄ። ኩሽና መጥቶ ሻይ ጠጣ። ቆርቆሮው ሲንጫጫበት ‹እትዬ፣ ዛሬስ ሰማይ ሥራ አስፈታኝ› ብሎ ሳቀና ጆንያ ተከናንቦ ወደ ክፍሉ ተሻገረ።»

«ሰው መጥቶበት ነበር?»

«በዚያ ዝናብ ማን ይሰማል? የግቢው በር እንደሆነ ተዘግቶ አያውቅም።»

ከእሳቸው አጠገብ ሀሴት ቆማለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የምትዘፍነው እሷ ነበረች። ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጧል። ቆንጅት ሩዙን አሳየቻት።

«ይሄ የማይኩ ነው» አለች ሀሴት። «የዲላ እርጥበት እንዲህ ዓይነቱን ማይክ ይገድለዋል። ሥራ ሲያልቅ ሩዝ ያለበት ዕቃ ውስጥ ከቶ ያሳድረዋል፤ ሩዙ እርጥበቱን ይመጥለታል። ‹ማይኩ እራቱን በላ› እያልን እንስቅ ነበር።»

«ሲዘፍን በየትኛው እጁ ይይዘው ነበር?»

«ይይዘው? ማይኩ እኮ አይያዝም። ስታንዱ ላይ ነው የሚቆመው። በጣት እንኳ ከነኩት ዱብ ዱብ ይላል፤ ቀረጻው ይበላሻል። እኔን ያስለመደኝ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መዝፈን ነው።»

«ከሰው ተጣልቶ ነበር?»

«መጣላት አይባልም። እሱ የደረሰውን አዲስ ዘፈን ጋሽ ሰብስቤ ፈልጎት ነበር። ኤልሮኢ ለእኔ ሰጠኝ።»

የሰርግ ዘፋኙን ሰብስቤን የማያውቅ የለም። ከዲላ እስከ ጨለለቅቱ ሙሽራ ያለ እሱ አይወጣም ይባልለታል። ቆንጅት ስታገኘው ትልልቅ ስፒከሮቹን አይሱዙ ላይ ያስጭናል።

«ትናንት ማታ አንድ የባጃጅ ሹፌር በእነ ኤልሮኢ በር አይቶዎታል።»

«ልክ ነው። ከሰርግ ስመለስ ዝናቡ ያዘኝና የስቱዲዮው ክፈፍ ሥር ተጠለልኩ። ልጁ ውስጥ ይዘፍናል። ልረብሸው አልፈለግኩም፤ ትንሽ ሰምቼው ሄድኩ። እኔ እዚያ ክፍል ገብቼም አላውቅ። ምስኪን፣ እየዘፈነ መሞት!»

«ይሰማ ነበር?»

«እንዴታ! ጥርት ብሎ።»

ቆንጅት አመስግናው ወደ ጣቢያ ተመለሰች። ፈድሉ በእስር ክፍሉ ጥግ ኩርምት ብሎ ነበር። ሲያያት ተነሳ።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። የገደለው የእኔ ሽቦ ነው?»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«መስመሩን አጥብቄ ነው የሠራሁት። ግን ሳስበው፣ ሳስበው፣ ያልጠበቀ ብሎን ትቼ ይሆን እላለሁ። ወንድሜ ማለት ነበር። መታሰሩ አይደለም ያስፈራኝ፤ ገድዬው ከሆነስ? ከዚህ ፍርሃት የተነሳ ላለቅስለት እንኳ አልቻልኩም።»

ከሰዓት ቆንጅት ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል፤ የደሙ ምልክት ግን አለ። የተናገሩት ሁሉ ከአፋቸው ሳይርቅ ስፖንጁ ውስጥ እየጠፋ ነው መሰል፣ እርስ በርስ ተጠጋግተው ቆሙ። ቆንጅት ጣቢያው ሕዝብ ሲሰበሰብ የሚጠቀምበትን ባለገመድ ማይክ አምጥታለች።

«እያንዳንዳችሁ ይዛችሁ ስማችሁን ተናገሩበት።»

እትዬ ሙሉዓለም በሁለት እጃቸው እንደ ጧፍ ያዙት። ሀሴት አልያዘችውም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ጎንበስ አለች። ፈድሉ መጀመሪያ ገመዱ የት እንደተሰካ አየና በጣቶቹ ጫፍ ነካው። በመጨረሻ ሰብስቤ ተቀበለ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ስሙን ተናገረ።

«እዚያው ይያዙት» አለችው ቆንጅት። «አሁን ስሙኝ። ኤልሮኢ ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት የታየው ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው። ሥራ ፈታሁ ብሎ ነበር። ለምን ፈታ?»

«ዝናብ ሲጥል ማይክ አይከፈትም» አለች ሀሴት ቀስ ብላ። «ቆርቆሮው አያስቀርጽም።»

«ስለዚህ ማይኩ የት መሆን አለበት? ሩዙ ውስጥ። ከዚያ ያወጣው ሰው ሩዙን እስከ ሬሳው ድረስ አንጠባጠበው። አውጥቶም በሟች እጅ አስጨበጠው። ኤልሮኢ ግን ማይክ ጨብጦ አያውቅም። እንግዲህ ያስጨበጠው ሰው፣ ዘፋኝ ማለት ማይክ በእጁ የያዘ ነው ብሎ የሚያስብ ነው።»

ከውጭ ነጎድጓድ ተሰማ። ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደና ክፍሉን ሞላው። ቆንጅት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ በዚህ ዝናብ ክፈፍ ሥር ቆመው፣ በጆንያና በስፖንጅ በተደፈነ ግድግዳ በኩል፣ ዘፈን ጥርት ብሎ ሰማሁ ብለውኛል።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ ሰብስቤ። «ሰው አይሳሳትም?»

«ይሳሳታል። አፍዎ ተሳስቷል፤ እጅዎ ግን አልተሳሳተም። እስቲ ይዩት።»

ሁሉም አዩ። ገመዱ የሰብስቤን መዳፍ አንድ ዙር ተጠምጥሟል።

«መድረክ ላይ ገመዱ እንዳይነቀል እንዲህ ይጠመጥሙታል። ዓመታት የሠሩበት ስለሆነ ሲያደርጉት እንኳ አያውቁትም። በሟች እጅ ላይም ያው ዙር ነው ያለው።»

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ! ሰብስቤ ገመዱን ሊያወልቅ ሞከረ። ባንተአምላክ በሩን ዘጋ።

«ልጁ ሰርግ ላይ ድምፄን ቀርጾ ነበር» አለ ሰብስቤ መጨረሻ ላይ። «ዘፈኑን ለምን ከለከልከኝ ብዬ መጣሁ። ማይኩን ሩዙ ውስጥ ቀበረና ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ ጭኖ አሰማኝ። ስፒከር የለ፣ ጭብጨባ የለ፤ ባዶ ድምፄን። የሽማግሌ ሳል ነው የሰማሁት። ‹ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት ብዬ ነው› አለኝ። ለካ ሰው ሁሉ ያውቃል! አፈርኩ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነበር።»

«ገመድ ልጦ ሌላ ሰው ማሳሰር መግፋት አይደለም» አለች ቆንጅት።

ሰብስቤን ይዘውት ወጡ። ፈድሉ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። አንድ ነገር ጠየቀ፤ ዝናቡ ዋጠው። ቆንጅት ተጠጋችው።

«የእኔ ሽቦ አይደለም ወይ?»

«ያንተ አይደለም።»

አልሰማሁም እንደማለት ጆሮውን አቀረበ። ቆንጅት ትከሻውን ይዛ ደገመችለት። «ያንተ አይደለም፣ ፈድሉ። መስመርህ ጤነኛ ነው።»

ያን ጊዜ ፈድሉ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለና ለጓደኛው አለቀሰለት።