የተዘለለችው እጥበት

ላቦራቶሪው ውስጥ «ጠብታ» ነው የሚሏት። ጠብታ ስትቆጥር እጇ አይስትም ተብሎ የወጣላት ስም ነው።

ሥራዋ እንዲህ ነው፦ አንድ ሆርሞን ከኢንዛይም ጋር አጣብቃ ሕዋሶች ላይ ታፈሰዋለች። ሕዋሱ ገጹ ላይ ሆርሞኑን የሚይዝ ተቀባይ ካለው ሆርሞኑ እዚያው ይቀራል፤ ማቅለሚያ ሲጨመርበት ኢንዛይሙ ሰማያዊ ያደርገዋል። ተቀባይ ከሌለው ሆርሞኑ ታጥቦ ይሄዳል፣ ሳህኑም እንደነጣ ይቀራል።

ባለፈው ሳምንት ሳህኑ ሰማያዊ ሆነ። ሁለት ዓመት ለዚህች ቀለም የለፋው ተመራማሪ፣ እሷ «ረጅሙ» የምትለው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ውጤቱን ለኮሚቴው ያቀርባል፣ የሥራ ውሉም ይታደሳል። ውሉ ከታደሰ በኋላ ደግሞ እሁድ እናቷ ቤት ሄዶ ለጋብቻ ሊጠይቃት ተነጋግረው ጨርሰዋል።

እሷ ግን ነገር ማጣራት ልማዷ ነውና ዛሬ ጠዋት ሆርሞን ጭራሽ ያልገባባቸውን ሕዋሶች በዚያው አሠራር ሞከረች። ነጭ መሆን ነበረባቸው። ሰማያዊ ሆኑ።

ምክንያቱ ወዲያው ገባት። ሕዋሶቹ ማቅለሚያውን ሰማያዊ የሚያደርግ የራሳቸው ኢንዛይም አላቸው፤ እሱን አስቀድሞ በአንዲት እጥበት መግደል ያስፈልጋል። ደብተሯን ብትገልጥ የእጥበቷ መስመር «ተሠራ» የሚል ምልክት የላትም። ባለፈው ሳምንት ረጅሙ አጠገቧ ቆሞ «እናትሽ ረጅም ሰው ትወዳለች?» እያለ ሲያስቃት ዘላዋለች። ዛሬም ምልክት ያለባቸውን መስመሮች ብቻ እየተከተለች ያንኑ ስህተት ደግማዋለች።

ሳህኑ ቆሽሾ ይሆናል ብላ ራሷን ልትደልል ሞከረች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሰዓቱ ለአራት ሩብ ጉዳይ ይላል። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ዝም ብትል ያገባታል።

ሳህኑን ይዛ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ከረባቱን ሲያስተካክል አገኘችው።

«ምነው ፊትሽ?» አላት።

«ያ ቀለም ውሸት ነው» አለችው። «እጥበቷን ዘልያለሁ። ቀለሙ የሕዋሶቹ እንጂ የሆርሞናችን አይደለም።»

ሳህኑን ተቀብሎ ብዙ አየው። ከዚያ እሷን አየ። ወደ ስብሰባው ገባ።

እሷ ደጅ ላይ ቀረች። ከበሩ መስታወት ጀርባ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ ድምፁ አይሰማም። ሰማያዊውን ምስል ያሳይ ይሆን? ቢያሳይስ እሷ ነች ጥፋተኛዋ። ጥፍሯን እስኪያማት ነከሰች።

ሲወጣ ከረባቱ እጁ ላይ ነበር። ደረጃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ውሉ አልታደሰም» አለ።

«የኔ ስህተት እንደሆነ ነገርካቸው?»

«ሙከራው የኔ ነው። ሳላጣራ የፈነጠዝኩት እኔ ነኝ፣ ያንኑ ነገርኳቸው።»

«ጠላኸኝ?»

«ተናድጄብሻለሁ። ነገም የሚበርድልኝ አይመስለኝም።»

ከረባቱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«እሁድስ?» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

«እሁድ እናትሽ ቤት እመጣለሁ። ሥራ አጥ ነኝ ብዬ እነግራታለሁ። አንቺ ግን አጠገቤ ቁጭ በይልኝ፣ ብቻዬን አልችላትም።»

እሁድ እስኪደርስ አልጠበቀችም። እዚያው ደረጃው ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች።