ያልተባለው ሦስተኛ ዙር

ኢንስፔክተሯ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን በር ስትከፍት ነጎድጓድ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ ወንበሩ ላይ እንዳንቀላፋ ሰው ተቀምጦ ነበር። ሞቅ ያለ ውኃ የሚጠጣበት ፔርሙዝ አጠገቡ ክፍት ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ሦስተኛው ዙር የዘገየበት እንጂ ሰው የሞተ አልመሰለውም።

ነጎድጓድና ምላጭ በራፕ ፍልሚያ ሲሰዳደቡ ያረጁ ሰዎች ናቸው። በዚህ አሮጌ ሲኒማ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኙት በድሮው ሕግ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ሦስት ዙር ሊገጥሙ ነበር። ሁለተኛው ዙር አልቆ እረፍት ሲወጡ አንዱ በዚያው ቀረ።

«ገዳዩማ ታውቋል» አለ ሳጅኑ። «ምላጭ መድረክ ላይ ‹ዛሬ የምትወጣው በሬሳ ሣጥን ነው› ብሎታል። ይህ ሁሉ ሰው ሰምቷል!»

«ራፐር ይህን ስላለ ከታሰረማ እስር ቤት አይበቃንም። ይልቅ ፔርሙዙን ለምርመራ ላከው።»

የፍልሚያው አዘጋጅ ኮሪደሩ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ይንቆራጠጣል።

«አለቀልኝ! ሕዝቡ የመጣው ለሦስተኛው ዙር ነው፤ ምን ልበለው?»

«ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ከፔርሙዙ ጠጥቶ ነበር?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«እኔው ነኝ የቀዳሁለት። ምንም አልሆነም።»

«በሁለተኛው እረፍትስ ማን ገባ?»

«የምላጭ ልጅ ሰላም ልትለው ገባች፤ ጋሼ ነው የምትለው። ቆይቼ ልጠራው ስገባ በድን ሆኖ አገኘሁት።»

«ምላጭስ?»

«እሱ ፍልሚያው ሳያልቅ ከመድረክ አይወርድም፤ ልማዱ ነው።» አዘጋጁ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ልጅቷ ታሳዝናለች። ጠዋትም ‹የቦታ ልውውጡ ይቅር› ብላ እግሬ ላይ ልትወድቅ ነበር።»

«የምን ልውውጥ?»

«ደጋፊዎቹ ከመድረኩ ወዲህና ወዲያ ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ በመጨረሻው ዙር ተፋላሚዎቹ ቦታ ይቀያየራሉ። የራስህ ሰው ከጀርባህ ይሆናል፤ ፊት ለፊትህ የባላጋራህ ደጋፊ ብቻ ነው። ደጋፊ ደግሞ ከወገኑ አይነሳም። ነጎድጓድ ያለዚህ ሕግ አልገጥምም አለ።»

ምላጭን መድረኩ ጫፍ ላይ ቆሞ አገኘችው። ልጁ ክንዱን ይዛዋለች። ነጎድጓድ መሞቱን ሳጅኑ አሁን ነግሮት መሄዱ ነው።

«የታል ይሄ ሰውዬ?» አለ ምላጭ ቆጣ ብሎ። «ተራዬ ደረሰ እኮ!»

«ድንጋጤ ነው» አለች ልጁ ፈጠን ብላ። «አባዬ ሲደነግጥ እንዲህ ያደርገዋል።»

ኢንስፔክተሯ የፍልሚያውን ቪዲዮ ወሰደች፤ ድምፁን አጥፍታ ተፋላሚዎቹን ትታ የፊተኛውን ረድፍ ስታይ አመሸች።

በማግስቱ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ፔርሙዙ ውስጥ የእንቅልፍ ጠብታ ተገኝቷል» አለች። «ብዙ አይደለም። ለጤነኛ ሰው እንቅልፍ ነው፤ ነጎድጓድ ግን የልብ መድኃኒት ይወስድ ነበር። ስለዚህ ያደረገው ሰው ሊያስተኛው እንጂ ሊገድለው አላሰበም። ፍልሚያው እንዲቋረጥ የፈለገ ማን ነው? አዘጋጁ ከሦስተኛው ዙር ሌላ የሚሸጠው የለውም። ምላጭ ከመድረክ አልወረደም።»

ኢንስፔክተሯ ምላጭን ጀርባውን ለልጁ አድርጋ አቆመችው። ይህን ማድረጉ አልጣማትም፤ ድምፅዋም ዝቅ አለ።

«እስቲ ሦስተኛውን ዙርዎን ይበሉልኝ።»

ሽማግሌው ደረቱን ነፋ፤ እጁን አነሣ።

«እኔ አንተን ስሰድብ፣ አንተ እኔን ስትሰድብ...»

ቆመ። ጉሮሮውን ጠራርጎ እንደገና ጀመረ፤ እዚያው ላይ ቆመ። ዓይኑ ባዶዎቹን ወንበሮች አንድ በአንድ ፈለገ፤ የሚፈልገው ፊት ግን እዚያ የለም።

«ሁለቱን ዙር ያለው የልጁን ከንፈር እያየ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ቪዲዮው ላይ ከንፈሯ ከእሱ ይቀድማል። በሦስተኛው ግን ሊያያት አይችልም።»

«በቃ! አታሰቃዪው!» ልጅቷ ብድግ አለች። «እኔ ነኝ! የአባዬ የእንቅልፍ ጠብታ ናት፤ ማታ ማታ እኔ ነኝ የምሰጠው። ጋሼ እንዲተኛ ብቻ ነበር፤ ልቡን እንደሚያመው በምን ልወቅ? ዶክተሩ የአባዬ የመርሳት ሕመም ከእንግዲህ እየባሰ ነው የሚሄደው ብሎኛል። አትግጠም ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ሕዝብ ፊት አፉን ተይዞ ሲቆም፣ ሰው በስልኩ እየቀረጸ ሲስቅበት ልየው?» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እኔ እኮ ጋሼን እወደው ነበር።»

አዘጋጁ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሳጅኑ ካቴናውን እጇ ላይ ሲያጠልቅ ምላጭ በኮሽታው ዞር አለና ልጁን አያት። ፊቱ በራ። ካቴናውን ልብ አላለውም።

«ልጄ፣ ቀጥሎ ምን ነበር የምለው?»

ልጅቷ ኢንስፔክተሯን አየቻት። ኢንስፔክተሯ ራሷን ነቀነቀችላት።

«‹አብረን አረጀን እኮ፣ እንደ አንድ ቤተሰብ።›»

«አዎ! እሱ ነው!» አለ ሽማግሌው እየሳቀ። «ለነጎድጓድ የሠራሁለት ነው፤ ስድብ መስሎት ሲጠብቅ ላስለቅሰው። በሉ ጥሩልኝ፣ ይስማው።»