አርባ ቀን ያልሞላው ሳሙና

«ሰው እስኪያውቀን ድረስ እዚህ ቤት ስንት ዓመት ልቀመጥልሽ፣ እማዬ?» ብሎ ልጇ ሲጠይቃት ሳሙና ሠሪዋ የምታፈላውን ሞራ ማማሰሏን ቀጠለች።

ይህ የሆነው ሠራዊቱ ከድንበሩ ጦርነት ተመልሶ፣ ይዞት የመጣው ተስቦ በከተማይቱ በተዛመተበት ዓመት፣ በክረምቱ መግቢያ ነው፤ ልብሱንና አንሶላውን በሳሙና ያላጠበ ቤተሰብ ሁሉ ደጁ ይታሸጋል ሲሉ አገረ ገዢው አዋጅ ያስነገሩት በዚያው ሰሞን ነበር።

ሴትዮዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሞራና የአመድ ውሃ አፍልታ፣ በእንጨት ገበታ ላይ አፍስሳ፣ በሲባጎ ቆርጣ፣ ሳሙናውን በጓዳው መደርደሪያ ላይ አርባ ቀን ታደርቀው ነበር፤ አርባው ሲሞላ የምላሷን ጫፍ ታስነካዋለች፤ ከለበለባት ወደ መደርደሪያው ትመልሰዋለች። ገዢ የምታገኝበትም መንገድ እንደዚሁ ዘገምተኛ ነበር፤ ቁርጥራጩን ይዛ ወንዝ ትወርድና ለአጣቢዎች በነጻ ታድላለች፤ ከዚያ ቤቷ ተቀምጣ እስኪያልቅባቸው ትጠብቃለች። እንዲህ አድርጋ በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ደንበኞች አፈራች፤ አንዷም አልጠፋችባትም።

ሰፈሩ «ጥድፌ» የሚለው ልጇ ግን ወደ ወደቡ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር ለመሄድ ጓዙን ካሰረ ሰንብቷል።

«አዋጅ ነጋሪውን አነጋግሬዋለሁ» አላት አንድ ጠዋት። «ቅዳሜ በደጃችን ሳሙና ይሸጣል ብሎ ይለፍፍልናል።»

«መደርደሪያው ላይ ያለው እኮ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነው።»

«ተስቦው አርባ ቀን ይጠብቅሻል?»

«እጅ ይልጣል፣ ልጄ።»

«እንግዲያው እኔ ልሂድ፤ አንቺ ከአሥራ አንዱ ባልቴቶችሽ ጋር አርጂ!»

ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ጓዝ አየችና ዘጋችው።

ቅዳሜ ደጁ በሰው ተጨናነቀ። አዋጅ ነጋሪው ራሱ ከፊት ቆሞ፣ «እመቤቴ፣ ለእርስዎ ስጮህ የደረቀውን ጉሮሮዬንስ በምን ያጥቡልኛል?» ቢል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሳሙና ሠሪዋ ግን ጓዳ ገብታ አንዱን ቁራጭ አንስታ ምላሷን አስነካችው፤ እንደ ፍም ለበለባት። ስትወጣ ልጇ እጅጌውን ሰብስቦ ገዢዎቹን ያስተናግዳል፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አይታው አታውቅም። ያንኑ ቁራጭ ለአንዱ ገዢ አቀበለች። እኩለ ቀን ሳይሆን መደርደሪያው ባዶ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ከደንበኞቿ ሁሉ የመጀመሪያዋ፣ የሕሙማን ማረፊያው አጣቢ፣ ሁለት እጇን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የሰጡን? አላወቁ ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት።»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቁ?»

«ልጄ እንዳይሄድብኝ ብዬ።»

አጣቢዋ የተጠቀለሉ እጆቿን በነጠላዋ ሸፍና ሄደች። ከእሷ በኋላ የመጡት ግን ቁራጩን ደጁ ላይ እየወረወሩ ተመለሱ። ጥድፌ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ሁሉንም ሰማ፤ በማግስቱ እናቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ጓዙን አንስቶ፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይላት በጓሮ በር ወጣ።

እሷ እንደገና አፈላች፤ አርባውን ቀን ቆጥራ ቁርጥራጩን ይዛ ወንዝ ወረደች፤ ማንም እጁን አልዘረጋላትም። በየሳምንቱ ወረደች፤ በየሳምንቱ ይዛው ተመለሰች። በሰባተኛው ወር የሕሙማን ማረፊያው አጣቢ ጠባሳ ባበጀው እጇ አንዱን ተቀበለች፤ ምላሷን አስነካችና እጥበቷን በእሱ ቀጠለች።

የዘመኑን ታሪክ የጻፉት ሰዎች ተስቦው የጠፋው በአገረ ገዢው አዋጅ መሆኑን መዝግበዋል፤ ቀኑንም፣ ማኅተሙንም አልዘነጉም፤ ስለ ተላጡት እጆች ግን አንድም መስመር አልጻፉም። ከአሥራ አንዱ ደንበኞች አጣቢዋ ብቻ ተመለሰች፤ ልጁ ወደ ወደቡ እንደ ወረደ ቀረ፤ እናቱ እዚያው ቤት ኖረች።