ፍሪጅ ውስጥ የተገኘው ቁልፍ

«ማሳሰቢያ። ለክቡራን የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች፣ ለቤቱ ባለቤት፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከታቸውና ለማይመለከታቸው ሁሉ። ይህ ፍሪጅ በቀረጻ ሰዓት ከሥራው የታገደ ስለሆነ፣ ያለ ድምፅ ክፍሉ ፈቃድ እሱን መሰካት፣ መክፈትም ሆነ አጠገቡ ቆሞ ማኘክ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን በታላቅ ትሕትና እናስታውቃለን። የድምፅ ክፍሉ ኃላፊ፣ ሠራተኛና ዘበኛ።»

ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው።

ማሳሰቢያውን የጻፈው ሰው ከፍሪጁ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ፣ ሳሎኑ መሐል በጀርባው ተዘርግቷል። በከተማው ውስጥ በተውሶ ካሜራና በዘመድ ቤት ፊልም የሚሠራው ወገን ሁሉ «ጆሮ» ነበር የሚለው። አሁን የቀኝ ጆሮው የለም። የማዳመጫው ፕላስቲክ ከራስ ቅሉ ጋር አብሮ ደቅቆ ወደ ውስጥ ገብቷል። የቀኝ እጁ ጣቶች ወደ ኋላ ተሰባብረዋል፤ ግራ እጁ ግን ደረቱ ላይ በማንገቻ የተንጠለጠለውን መቅጃ እንደ ጨበጠ ቀርቷል። የመብራት ማቆሚያ እንዳይወድቅ የሚጫንበት የብረት ክብደት ከጎኑ ተጋድሟል። ጸጉር ይዟል።

ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀይ ነው። አሥር አለቃው ሁለት ጊዜ አንሸራቶት አንዴ ወድቋል።

«ኢንስፔክተር፣ ከአንድ ሰው ይህ ሁሉ ደም ይወጣል?»

«አይወጣም። ዝንቦቹን እያቸው» አለች መርማሪዋ። «በመስኮቱ በኩል ያሉት ተጣብቀው ቀርተዋል፤ እሱ ስኳርና ቀለም ነው። እዚህ ራስጌው ያሉት አርፈው ይነሣሉ።»

«የውሸቱ ከእውነተኛው ይልቅ ደም ይመስላል እኮ!»

«የውሸቱን ለማሳመር ሦስት ቀን ፈጅተዋል። እውነተኛው ሳይዘጋጅ ነው የፈሰሰው።»

መርማሪዋ በግራ ጆሮዋ አትሰማም፤ ልጅ ሳለች ያረፈባት ጥፊ የተወላት ስጦታ ነው። ተናጋሪ ሲያሰለቻት በትሕትና ፊቷን ታዞርና ግራዋን ትሰጠዋለች።

«ገዳዩን ይዘነዋል» አለ አሥር አለቃው ሱሪውን እየጠረገ። «‹ገዳዩ› ቅጽል ስሙም ነው። በስድስት ፊልም ስድስት ሰው የገደለ ተዋናይ ነው። በሰባተኛው ተያዘ። ሚስቱ ሳትቀር ልትመሰክርበት ተዘጋጅታለች። ከመምሸቱ በፊት ወደ ጣቢያ ወስደን ክሱን እንጀምራለን።»

«መቅጃው ውስጥ ካርድ የለም።»

«አዎ፣ ተነቅሏል። ግን ይኸን ይመልከቱ።» አሥር አለቃው አንድ የላስቲክ ከረጢት አወጣ። «የሟቹ የመኪና ቁልፍ ነው። የት ተገኘ? ፍሪጅ ውስጥ! በቲማቲሙና በውሸት ደሙ ጠርሙስ መካከል። ቁልፉን የሚደብቅ ሰው መኪናው ውስጥ የሚደብቀው አያጣም ብለን መስታወቱን ሰብረን ፈተሽን። ምንም የለም።»

«ቁልፉ እጃችሁ ላይ እያለ መስታወት ሰበራችሁ?»

«ቁልፉማ ማስረጃ ነው፤ አይነካም።»

መርማሪዋ ቁልፉን ተቀብላ ወደ ኩሽናው አየች። ፍሪጁ ተሰክቶ ያጓራል።

ተዋናዩ ኮሪደሩ ላይ ከውኃ ቧንቧ ጋር በካቴና ታስሯል። ሸሚዙ እስከ ክርኑ ቀይ ነው፤ የታችኛው ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

«ከንፈርህ የፊልሙ ነው?»

«የእሳቸው ነው» አለ ወደ አሥር አለቃው በአገጩ እያመለከተ። «አንድ ጊዜ መትተው ደገሙኝ። ከዳይሬክተራችን ይሻላሉ፤ እሱ ሃያ ጊዜ ነው የሚያስደግመው።»

«ምን ሆነ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀረጻው አለቀ። ጆሮ ብቻውን ቀረ፤ እኛ ምሳ ለመብላት ወደ ግቢ ወጣን። አሥር ሰዓት ላይ ሸሚዝ ልቀይር ስገባ ተጋድሞ አየሁት። የቀለደ መሰለኝ። ‹ተነሥ እንጂ፣ ትጣበቃለህ› አልኩት። ጭንቅላቱን ላቀና ስል...» ቀኝ እጁን ዘርግቶ አየው። «ጣቶቼ ወደ ውስጥ ገቡ።»

«ባለፈው ሳምንት ሚስትህን አንቀሃል ይባላል።»

«ይባላል። እኔ ያን ጊዜ የውጭ በር ላይ ነበርኩ። መኪና እንዳያጮኹ መንገድ ጠብቅ ብሎ ዳይሬክተሩ ልኮኝ። እሷ እንኳ አላመነችኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህቷ ቤት ነው የምታድረው። ለእስሩ ግድ የለኝም። እሷ ገዳይ ነው ብላ እንዳትቀር ብቻ።»

ሚስትየው በሞቃት ቀን አንገቷን በሻሽ ጠምጥማ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ስትናገር ጉሮሮዋ ዝገት የበላው ማጠፊያ ይመስላል።

«ትዕይንቱ የመታነቅ ነበር። ጭንቅላቴ ላይ ጆንያ አጥልቀውልኝ፣ እሱ ከኋላ በጓንት ይይዘኛል። ሁለት ጊዜ ጉልበቱን ስነካው እንዲለቀኝ ነበር ስምምነታችን። ነካሁት። አልለቀቀም። እንደገና ነካሁት። አጠበቀ። ስጮኽ፣ ስንፈራገጥ፣ ራሴን ስቼ ወደቅኩ።»

«እሱ መሆኑን አየሽ?»

«ጆንያ ውስጥ ሆኜ ምን አያለሁ?»

«ታዲያ ማን ነገረሽ?»

«ዳይሬክተሩ። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ ተክሎ አብሮን የነበረው እሱ ብቻ ነው። ጆሮ ኩሽና ሆኖ፣ አንገትጌዬ ላይ በሰካት ማይክራፎን ነበር የሚቀዳው።»

«ዛሬ ከዘጠኝ እስከ አሥር ባልሽ የት ነበር?»

«ከፊት ለፊቴ፣ ያ ድንጋይ ላይ። ዓይኔን ለአፍታ አልነቀልኩበትም።»

«ትወጂዋለሽ ማለት ነው።»

«እፈራዋለሁ። ሰው አጥብቆ የሚጠብቀው የሚፈራውን ነው።»

«ጆሮስ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ሹክ ማለት የማይችል። የቀኑን ድምፅ ፍላሽ ላይ ገልብጦ፣ ወደ ቤቱ ሲሄድ መኪናው ውስጥ እየሰማ ነው የሚነዳው። ዛሬ ጠዋት ‹ሥራው ሲያልቅ አንድ ነገር አሰማሻለሁ› ሲለኝ ግቢው ሁሉ ሰምቷል።»

ዳይሬክተሩ ሳሎኑ በር ላይ ቆሞ የፖሊሱን ፎቶ አንሺ እያዘዘ ነው። «ገና ነው፤ ብርሃኑ ገና ነው። ከግራ አንሣው። ገና ነው አልኩህ!» ይህ ሰው የዘጠኝ ደቂቃ ፊልም አሳይቶ ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚያስረዳ በመሆኑ በከተማው የታወቀ ነው። ተመልካች በሩን ዘግቶ ካልወጣ እሱ አያቆምም።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገሩት እርስዎ ነዎት?» አለች መርማሪዋ።

«አዎ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ገባሁ። ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። ‹ዝምታው ተቀድቷል፣ ጨርሻለሁ፣ ወደ ቤቴ መሄዴ ነው› አለኝ። እኔ ወጣሁ፤ ከዚያ ተዋናዩ ገባ። የቀረውን ሸሚዙ ይናገራል።»

«ዝምታ ይቀዳል?»

ዳይሬክተሩ ፊቱ በራ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝምታ እንዳለው፣ ሁለት ድምፆች ሲቀጣጠሉ ስፌቱ እንዳይታወቅ በዚያ ዝምታ እንደሚደፈን፣ ለዚህም ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ የሚጮኽ ዕቃ ሁሉ ተነቅሎ ባዶው ክፍል እንደሚቀዳ አስረዳ። ከዚያ ስለ ዝምታና ስለ ሕልውና ሲቀጥል መርማሪዋ ግራ ጆሮዋን ሰጠችው።

የቤቱ ባለቤት የዳይሬክተሩ አክስት ናቸው። ከጓሮ ባለው ክፍላቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው መርማሪዋን ከእግር እስከ ራሷ ቃኟት።

«አግብተሻል?»

«አላገባሁም፣ እትዬ። ዛሬ ወደ ኩሽና ገብተው ነበር?»

«ለመርፌዬ ነዋ። የስኳር መድኃኒቴ እዚያ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ተኩል ሲል ስልኬ ይጮኻል፤ በጓሮ በር እገባለሁ፣ እወጋለሁ፣ እወጣለሁ። ዛሬ ፍሪጁ ተነቅሎ አገኘሁትና ሰካሁት።»

«ማሳሰቢያ ተለጥፎበታል እኮ።»

«በገዛ ቤቴ የሚያሳስበኝ ማን ነው? መድኃኒቴ ይበላሽ?»

«ሲሰኩት ጆሮ ምን አለ?»

«ምንም። ሌላ ቀን ማንኪያ ስጥል እንኳ ‹እማማ!› ብሎ ቤቱን ያናጋው ነበር። ዛሬ ፍሪጁ እንደ ወፍጮ ተነሥቶ እያጓራ ጨዋ ልጅ ሆነ። ወደ ሳሎን እንኳ ብቅ አላልኩም።» አክስት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ብቅ ባልኩ ኖሮ።»

«ቁልፉስ? ፍሪጅ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እኔ ነኝ ያስማልኩት! አንድ ቀን ፍሪጁን ነቅሎ ሳይሰካ ወደ ቤቱ ሄደና ሥጋዬን ሁሉ አበሰበሰው። ‹ከዛሬ ጀምሮ ስትነቅል የመኪናህን ቁልፍ ውስጡ ታስቀምጣለህ› አልኩት። ያለ ቁልፍ የት ይሄዳል? ሲጨርስ ይሰካል፣ ቁልፉን ይወስዳል። አንድ ቀን አልዘነጋም።»

መርማሪዋ ተነሥታ እጃቸውን ሳመች። አክስት ምን እንዳደረጉ አልገባቸውም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁሉም መስታወቱ የተሰበረው መኪና ዙሪያ ተሰበሰቡ። ተዋናዩ ከነካቴናው ነው። ሚስቱ ከእሱ በተቻላት መጠን ርቃ ቆማለች።

«ከሟቹ እጅ እጀምራለሁ» አለች መርማሪዋ። «ሊመቱት የመጡበት ሰው ሁለት እጁን ነው የሚያነሣው። ጆሮ ያነሣው ቀኙን ብቻ ነው፤ ግራው ከመቅጃው አልተላቀቀም። ማዳመጫ ያደረገ ሰው ደግሞ የጉንዳን ኮቴ ይሰማል። ስለዚህ ገዳዩ ሲገባ ሰምቶታል። አልሸሸም። መዳፉን ዘርግቶ ‹ጸጥ በል፣ እየቀዳሁ ነው› አለው። ብረቱ በጣቶቹ ላይ አልፎ ነው ጭንቅላቱ የደረሰው።»



«እየቀዳ ከሞተ ሥራውን አልጨረሰም። አለመጨረሱን ቁልፉም ይናገራል፤ ከቲማቲሙ ጋር በርዶ ነው የተገኘው። ዳይሬክተሩ ግን ‹ጨርሻለሁ፣ ወደ ቤቴ መሄዴ ነው አለኝ› ብለዋል። በእግሩ ነው የሚሄደው?»

«ረስቶት ይሆናል» አለ ዳይሬክተሩ። «ፍሪጅ ውስጥ ቁልፍ መኖሩን እኔ በምን አውቃለሁ?»

«እትዬ፣ የእህትዎ ልጅ ፍሪጅ ከፍቶ ያውቃል?»

«እሱ?» አክስት ሳቁ። «ውኃ እንኳ በሰው እጅ ነው የሚመጣለት። እዚህ ቤት ስለ ቁልፉ የማያውቅ ቢኖር እሱ...» ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ።

«አመሰግናለሁ። ረስቶታል እንበል። ፍሪጁስ? ዘጠኝ ተኩል ላይ እትዬ ሰኩት፤ እንደ ወፍጮ ተነሣ። ማንኪያ ሲወድቅ ቤት የሚያናጋው ሰው ትንፍሽ አላለም። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሞቷል ማለት ነው። ተዋናዩ ያን ጊዜ ድንጋዩ ላይ ነበር፤ ሚስቱ ዓይኗን አልነቀለችበትም። እርስዎ ደግሞ አሥር ሩብ ጉዳይ ላይ አነጋገርኩት አሉ። ሬሳ ገመድ አይጠቀልልም፣ ዳይሬክተር። የሞተን ሰው ሩብ ሰዓት በሕይወት ማቆየት የሚጠቅመው ለገደለው ብቻ ነው፤ ቀጥሎ የሚገባው ሰው ላይ እንዲያላክክ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!»

«ምክንያትስ?» ዳይሬክተሩ ፈገግ ሊል ሞከረ። «ምክንያት የሌለው ታሪክ...»

መርማሪዋ በተሰበረው መስታወት እጇን አስገብታ ቁልፉን አዞረች። ቴፑ ላይ የተሰካ ጥፍር የምታህል ፍላሽ ብልጭ አለች። አሥር አለቃው መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

መጀመሪያ የጆንያ መፋተግ ተሰማ። ከዚያ የታፈነ ሲቃ፣ ጉልበት ላይ ሁለት ጊዜ የሚመታ መዳፍ። እንደገና ሁለት ጊዜ። ከዚያ ሚስትየው አንገትጌ ላይ ከተሰካችው ማይክራፎን አጠገብ፣ ለስለስ ያለ የወንድ ሹክሹክታ።

«ገና ነው። ገና ነው። አሁን ጩኺ።»

ጩኸቱ ግቢውን ሞላው። ሚስትየው ሻሿን ከአንገቷ ላይ ፈታች፤ ከሥሩ አሥር ጣት ጠቁሮ ይታያል። ወደ ዳይሬክተሩ ሳይሆን ወደ ባሏ ዞረች።

ዳይሬክተሩ ወደ ፍላሿ ዘለለ። አሥር አለቃው ለከንቱ የሰበረው መስታወት ያን ጊዜ ሥራ አገኘ፤ ክንዱን ከክርኑ እስከ አንጓው ሰነጠቀው። አሥር አለቃው በቡጢ አገጩን ብሎ ጣለው፤ ሲወድቅም ከኪሱ የመቅጃው ካርድ ተስፈነጠረች። ደሙ ጠጠሩ ላይ ተንጠባጠበ።

«ፍቱት» አለች መርማሪዋ ወደ ተዋናዩ እያየች። ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተላለፈ። ተዋናዩ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ሚስቱ ናት የሄደችለት፤ የተሰነጠቀ ከንፈሩን በሻሿ ጫፍ ጫነችው።

አክስት የእህታቸው ልጅ ፊት ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ስትወለድ በዚህ እጄ ነው የተቀበልኩህ» አሉ። «ለጩኸት ብለህ የሰው ሚስት አነቅህ፤ እሱ እንዳይሰማብህ ብለህ ያን ምስኪን ገደልክ። እሺ፣ አስረዳኝ። ማስረዳት ትወድ የለም? ዛሬ በሩን ዘግቶ የሚወጣ የለም፣ ሁላችንም ቁጭ ብለን እንሰማሃለን። ለምን?»

ዳይሬክተሩ ከክንዱ የሚወርደውን ደም አየ።

«አላስረዳም» አለ።